መልስ፦ ከኤሌክትሮን ብዛት ወደ አምፒር

ጥያቄህ «በ2 ደቂቃ ውስጥ 1.5 × 10²¹ ኤሌክትሮኖች በሽቦ ቢያልፉ ከረንቱ ስንት ነው? እኔ 120 አምፒር አገኘሁ» የሚል ነው። አካሄድህ ትክክል ነው። ያሳሳተህ ደቂቃው ነው።

ከረንት ማለት በ1 ሰከንድ የሚያልፈው የቻርጅ መጠን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ቻርጅ እንቀይራለን። የአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ መጠኑ 1.6 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ (የቻርጅ መለኪያ) ነው።

1.5 × 10²¹ × 1.6 × 10⁻¹⁹ = 240 ኩሎምብ

ይቺን በእጅህ ሥራት፤ ካልኩሌተር ላይ የመቀነስ ምልክቷ በቀላሉ ትረሳለች። 1.5 ሲባዛ በ1.6፣ 2.4 ነው። ከ21 ላይ 19 ሲቀነስ 2 ይቀራል። 2.4 × 10² ማለት 240 ነው፣ አለቀ።

አሁን ቻርጁን ለጊዜው መጠን እናካፍል። አንተ ለ2 አካፈልክ፤ አምፒር ግን ኩሎምብ በሰከንድ ነው። 2 ደቂቃ ደግሞ 120 ሰከንድ ነው።

240 ÷ 120 = 2 አምፒር

ማመሳከሪያ ከፈለግህ፣ 1 አምፒር በሰከንድ ወደ 6.25 × 10¹⁸ ኤሌክትሮን ነው። ያንተ ሽቦ በሰከንድ 1.25 × 10¹⁹ ያሳልፋል፤ ልክ እጥፉ።

አቅጣጫውንም ከጠየቁህ፣ ከረንቱ የሚሳለው ኤሌክትሮኖቹ ከሚሄዱበት በተቃራኒ ነው።