ላይኛውን ሙስታንግ ያለ መንገድ መሪ?

ጠያቂያችን፣ አዲስ አበባ መኖርዎ ከከፍታ ጋር ስላላመደዎት፣ በኔፓል የሚገኘውን ላይኛውን ሙስታንግ ያለ መንገድ መሪ በእግር ማየት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይችሉም፤ አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1992 ለውጭ አገር ሰዎች ከተከፈተ ወዲህ የሚገባው በልዩ ፈቃድና ከመሪ ጋር ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሚያግዝዎ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ የአካባቢው ዋና ከተማ ሎ ማንታንግ 3,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና መንገዱም ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ ከ3,000 ሜትር በኋላ የማደሪያዎን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምሩ አደራ እላለሁ። ራስ ምታት ከብዶ መንገዳገድ ከተከተለ፣ ሌሊትም ቢሆን መውረድ ግድ ነው።

የመሪው ጥቅም በእኔ እምነት ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በነፋሱ ነው፤ መንገዱ በሚያልፍበት በካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ሸለቆ ረፋዱ ላይ የሚነሣው ነፋስ የወንዙን አሸዋ ዓይንና ጥርስ ውስጥ ስለሚሞጅር፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ጎሕ ሲቀድ ቀስቅሶ ከቀትር በፊት ማደሪያዎ ያደርስዎታል። አናፑርናና ዳውላጊሪ የተባሉት ተራሮች ዝናቡን ለአካባቢው ስለሚጋርዱለት፣ ዕረፍትዎ በክረምት ቢሆንም መሄድ ይችላሉ።