ማን ለማን ያድራል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ምናባዊው ዓለም የሚና ጨዋታ፣ በተለምዶ አርፒጂ ስለምንለው ናቸው። በኮምፒውተር የሚጫወቱትም በጠረጴዛ ዙሪያ ዳይስ የሚወረውሩትም ጽፈውልናል። መልሶቻችን የታሪኮቹን ምስጢር ስለሚገልጡ፣ ጨዋታውን ገና ያልጨረሰ አንባቢ ስሙን ሲያይ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይለፍ።

ጥያቄ፦ ድራገን ኤጅ ኦሪጅንስ ላይ አጋሬን አሊስተርን ከመጀመሪያው አንስቶ ከጎኔ አልለየሁትም። ስጦታ ሰጠሁት፣ የይሁንታ ነጥቡ ጫፍ ደረሰ። ሎጌይንን ስለማርኩ ብቻ ጥሎኝ ሄደ። የጌሙ ስህተት ነው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?

መልስ፦ ስህተት አይደለም። በ2009 የወጣው ይህ ጨዋታ ይሁንታን ከዜሮ በታች 100 እስከ 100 ይቆጥራል። የሚቆጥረው ግን አጋርዎ እርስዎን ምን ያህል እንደወደደዎት ነው እንጂ ለማን እንዳደረ አይደለም። አሊስተር እርስዎን ከማወቁ በፊት ልቡን የሰጠው እንደ አባት ለሚያየው ለደንካን ነበር። የጦር አዛዡ ሎጌይን በኦስታጋር ጦርነት ላይ ጦሩን ይዞ ከሜዳ ወጣ፤ ደንካንም ንጉሡም እዚያው ቀሩ። ታዲያ ያንኑ ሰው ምረው ግሬይ ዋርደን፣ ማለትም የደንካን ተዋጊዎች ማኅበር አባል፣ ሲያደርጉት፣ ደንካን የሞተበትን ማዕረግ ለገዳዩ ሰጡት ማለት ነው። በአሊስተር ዓይን ካየነው፣ የከዳው እርሱ ሳይሆን እርስዎ ነዎት። መቶ ነጥብ ይህን አይሽረውም። ይልቁንም የሚወደው ሰው ስላደረገው ቁስሉ ይብሳል።

ስጦታ በዚህ ላይ ብዙ ያታልላል። በዚህ ጨዋታ ስጦታ እየደጋገሙ ሲሰጡ እያንዳንዱ የሚያስገኘው ነጥብ እያነሰ ይሄዳል፤ ቢሆንም በትዕግሥት የሰበሰበ ተጫዋች መለኪያውን ሊሞላው ይችላል። እንዲህ የተሞላ መለኪያ ግን ስለ ሰውየው ምንም አያስተምርዎትም፤ ውይይቱን ዘለው ዋጋውን ከፍለዋልና።

ከትልልቅ ውሳኔዎች በፊት ለእያንዳንዱ አጋር ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ይጻፉ። ከእኔ በፊት ለማን አድሮ ነበር? ያንን ሰው ወይም ያንን ዓላማ የጎዳው ማነው? እስካሁን እኔን እምቢ ያለኝ በምን ላይ ነው? ሦስተኛውን አደራ አይዝለሉት። እምቢ ብሎዎት የማያውቅ አጋር ታማኝ ይመስላል እንጂ ወሰኑን ገና አላዩትም። ወሰኑን የሚያገኙት ትንሽ ነገር ላይ ሲቃወምዎት ስለሆነ፣ ይሁንታውን የሚቀንስ መልስ አንዳንዴ ሆን ብለው ይምረጡና የሚለውን ያዳምጡ።

የ2011ው ድራገን ኤጅ 2 ይህን ችግር በሌላ መንገድ ለመፍታት ሞክሯል። መለኪያው ከወዳጅነት ወደ ተቀናቃኝነት የሚሄድ ነው፤ እስከ ጫፍ የደረሰ ተቀናቃኝም እንደ ወዳጁ ሁሉ አብሮዎት ይቆማል። ከአጋሮችዎ አንዷ ኢዛቤላ አንድ መጽሐፍ ይዛ ከሸሸች በኋላ መመለሷን የሚወስነው ግንኙነታችሁ በአንዱም አቅጣጫ ቢሆን በቂ መጥለቁ ነው። መሐል ላይ የቀረ፣ ለብ ያለ ግንኙነት ነው የሚያስቀራት። ይህ ከአብዛኞቹ ጨዋታዎች ይልቅ ወደ እውነተኛ ሰው የቀረበ ሐሳብ ነው ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ ገጸ ባሕርዬ ክፉ ከሆነ ለጓደኞቹ ታማኝ ሊሆን አይችልም የሚል ክርክር በቡድናችን ተነሥቷል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ይችላል። የጠረጴዛው ጨዋታ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 ሲወጣ አሰላለፉ (የገጸ ባሕርዩ የሥነ ምግባር አቋም) ሦስት ብቻ ነበር፤ ሥርዓት፣ ገለልተኝነትና ሥርዓት አልበኝነት። ደግነትና ክፋት በኋላ ተጨምረው ዘጠኝ የሆኑት ለዚህ ነው፤ ሁለቱ መስመሮች የተለያዩ ነገሮችን ይመልሳሉ። አንዱ ቃሉን እንዴት እንደሚይዝ፣ ሌላው በሌሎች ላይ ምን እንደሚያደርስ ይነግርዎታል። ለማን እንደሚታመን ግን አንዱም አይነግርዎትም። እርሱን ለብቻው፣ በስም ይጻፉት፦ «ለእገሌ እስከዚህ ድረስ»።

ጥያቄ፦ አጫዋች ነኝ፤ ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። ተጫዋቾቼ ቅጥር ተከታዮችን እንደ ጋሻ ከፊት እየነዱ ያስገድሏቸዋል፤ የተረፉትም ምንም ሳይሉ ይከተላሉ። ታማኝነትን በቁጥር እንዴት ላስገባ?

መልስ፦ ሁለት የተፈተኑ መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም ከዚያው ከደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የመጡ ናቸው።

የቆየው በ1981 የታተመው የመሠረታዊው ሕግ መንገድ ነው። የመሪው የካሪዝማ (ሰውን የመሳብ ችሎታ) ቁጥር ስንት ተከታይ መያዝ እንደሚችልና የተከታዮቹ ወኔ ስንት እንደሆነ ይወስናል። ካሪዝማው ከ9 እስከ 12 ከሆነ አራት ተከታይና የ7 ወኔ፣ 18 ከሆነ ሰባት ተከታይና የ10 ወኔ፣ 3 ከሆነ አንድ ተከታይና የ4 ወኔ ያገኛል። ፈተና ሲመጣ ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይወረውራሉ፤ ድምሩ ከወኔው ከበለጠ ተከታዩ ይሸሻል ወይም እጁን ይሰጣል።

ልብ የሚባለው ነገር አንድ ነጥብ በሁሉም ቦታ እኩል አለመመዘኑ ነው። ወኔው 7 የሆነ ሰው የሚወድቅበት ዕድል ከ36 ውርወራ በ15ቱ፣ ማለትም 42 በመቶ ያህል ነው። ጓደኛውን ለወጥመድ መፈተሻ አድርገውበት ወኔው ወደ 6 ቢወርድ 21 ከ36፣ 58 በመቶ ይሆናል። አንዲት ነጥብ «ምናልባት ይቆያል» የሚለውን «ምናልባት ይሄዳል» አደረገችው። ወኔው 10 የሆነው ግን ወደ 9 ቢወርድ ከ8 ወደ 17 በመቶ ብቻ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ተራ ተከታዮችን የሚንቅ ቡድን ቶሎ ይቀጣል፤ ድንቅ መሪ ደግሞ ጥቂት ጊዜ ሳይታወቅበት ሊበድል ይችላል። ይህ በሕይወትም የምናየው ነው።

ሁለተኛው በ2014ቱ የአጫዋች መምሪያ ውስጥ ያለ አማራጭ ሕግ ነው። የተከታዩ ታማኝነት ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ በቡድኑ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ካሪዝማ ጋር እኩል ነው፤ ሲጀምር ግማሹን ይይዛል። ከፍተኛው ካሪዝማ 16 ከሆነ ተከታዩ በ8 ይጀምራል። ከ1 እስከ 10 ያለው ታማኝነት ስስ ነው፤ ሕይወቱን ለአደጋ የሚሰጠው 11 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ከልቡ የሚያስረውን ጉዳይ ሲያሳኩለት በባለ አራት ገጽ ዳይስ ልክ ይጨምራል፤ ለራሳቸው ጥቅም ሲሉ ለአደጋ ቢያጋልጡት ወይም ቢያታልሉት በሁለት ባለ አራት ገጽ ዳይስ ልክ ይቀንሳል። ስሌቱን ይዩት፦ ከ8 ወደ 11 ለመውጣት አንድ ውለታ በአማካይ 2.5 ስለሚሰጥ ግማሹን ጊዜ ከአንድ በላይ ውለታ ያስፈልጋል። አንድ በደል በአማካይ 5 ይወስዳል፤ ሁለት በደል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዜሮ ያደርሰዋል። ያኔ ለቡድኑ ማደሩ ያበቃል።

ቁጥሩን ተጫዋቾች እንዳያዩት ይያዙት፤ ካዩት ሰውየው እንደ ባትሪ የሚሞላ ዕቃ ይሆናል። በምትኩ ምልክቱን ያሳዩ። ታማኝነቱ የሳሳ ተከታይ ጥበቃ ሲመደብ ከጓዙ አጠገብ ይቆማል፣ ድርሻውን አስቀድሞ ይጠይቃል፣ ትእዛዝ ሲደርሰው «እሺ» ከማለቱ በፊት የሌሎቹን ፊት ያያል።

አጫዋቾች በብዛት የሚሳሳቱት ግን ውርወራው ሲወድቅ ወዲያው ክህደት በማምጣት ነው። የወደቀ ውርወራ ክህደት ማለት አይደለም። ሰው መጀመሪያ ይዘገያል፤ ከዚያ ምክንያት ያቀርባል፤ ከዚያ ዋጋ ይጨምራል፤ ከዚያ ሌሊት ይጠፋል። ለጠላት መረጃ መሸጥ የመጨረሻው ነው፤ የሚሆነውም ጠላት ከእናንተ የተሻለ ነገር ማቅረቡን ተጫዋቾች ቀደም ብለው የማየት ዕድል ካገኙ ብቻ ነው። ሁለት ባላ የተከለ ሰው ሁለተኛውን ባላ ሲተክል የሆነ ሰው ማየት አለበት፤ ካልታየ ተጫዋቹ የሚማረው ማንንም አለመቅጠርን ነው።

ጥያቄ፦ ፈረሰኛዬ ለጌታው ምሏል። ጌታው ወንድሙን እንዲወጋ አዘዘው። እኔ ወንድሜን እንደምመርጥ ገና ሳልጫወት አውቃለሁ፤ ታዲያ ጨዋታው የት አለ?

መልስ፦ የመረጡት እርስዎ ስለሆኑ ነው ጨዋታው የጠፋው፤ ፈረሰኛው ገና አልተጠየቀም። ይህን በደንብ የያዘው ግሬግ ስታፎርድ በ1985 ያሳተመው ፔንድራገን ነው። ባሕርያት እንደ ምሕረትና ጭካኔ፣ አመኔታና ጥርጣሬ ባሉ 13 ጥንዶች ይጻፋሉ፤ የእያንዳንዱ ጥንድ ድምር 20 ነው፤ አንዱ ሲያድግ ሌላው ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ ለጌታ መታመንና ቤተሰብን መውደድን የመሰሉ ጽኑ ስሜቶች የራሳቸው ቁጥር አላቸው። በባለ 20 ገጽ ዳይስ ከቁጥሩ እኩል ወይም በታች ከወጣ ስሜቱ አሸነፈ። ፈረሰኛው በስሜቱ ሲነሣሣ ከወትሮው በላይ ይዋጋል፤ ሲወድቅ ልቡ ይሰበራል፤ ክፉኛ ሲወድቅ እስከ እብደት ሊደርስ ይችላል።

ሌላ ሕግ እየተጫወቱ ከሆነ ይህን ያህል ይዋሱ። ለጌታው 15፣ ለወንድሙ 12 ብለው ይጻፉ፤ የመጀመሪያው 75 በመቶ፣ ሁለተኛው 60 በመቶ የመሳካት ዕድል አለው። ዳይሱን ከመወርወርዎ በፊት ፈረሰኛው በእያንዳንዱ መንገድ የሚያጣውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገሩ፤ መሬቱን፣ ስሙን፣ የእናቱን ፊት። ከዚያ ሁለቱንም ይወርውሩ። አንዱ ብቻ ከተሳካ ገጸ ባሕርዩ ወደዚያ ያዘነብላል፤ ተቃራኒውን ማድረግ ይችላሉ፣ ግን የጣሱት ስሜት በ1 ይቀንስ። ሁለቱም ከተሳኩ እውነተኛው ትዕይንት ያን ጊዜ ነው፤ ትእዛዙንም ወንድሙንም ላለመጣስ የሚሞክር ሰው ይጫወቱ፤ ይለምን፣ ያዘግይ፣ በምትኩ ራሱን ያቅርብ። ሁለቱም ከወደቁ በዚያች ቀን የሚያስቆመው ነገር የለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ከጠላት ይልቅ ያስፈራል።

ጥያቄ፦ ቲራኒ ውስጥ አጋሮቼ ታማኝነትም ፍርሃትም የሚሉ ሁለት መለኪያዎች አሏቸው፤ ሁለቱም ችሎታ ይከፍታሉ። ልዩነቱ ታዲያ ምንድን ነው? ካይሮስስ አንዴም ሳይታዩ እንዴት ያን ያህል ኃያል ሆኑ?

መልስ፦ በአንቱታ መጻፍዎ ትክክል ነው፤ ሰዎቹ ስለ ዓለማቸው ገዥ ስለ ካይሮስ ወንድነት ወይም ሴትነት እንኳ አይስማሙም።

ይህ በ2016 የወጣ ጨዋታ ሁለቱን መለኪያዎች መለየቱ ትልቅ ብልኅነት ነው። በአንድ መስመር ቢያስቀምጣቸው ኖሮ የሚፈራ ሰው አይወድም ያሰኝ ነበር። እዚህ ግን ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊያድጉ ይችላሉ። ለማንበብ የሚረዳው ኃይልን በሦስት ቃል መክፈል ነው፤ ጉልበት፣ ሥልጣን፣ ተሰሚነት። ጉልበት ያስገድዳል። ሥልጣን ማዘዝ እንደሚገባው የታወቀለት ነው። ተሰሚነት ያለው ሳያዝዝ ይሆንለታል።

ካይሮስ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚልኩት አዋጅ ንጹሕ ጉልበት ነው፤ በአንድ ሸለቆ ያለ አዳራሽ በተቆረጠው ቀን ካልተያዘ በሸለቆው ያለ ሁሉ፣ የራሳቸው ጦር ጭምር፣ ይሞታል። የራሱን ሠራዊት በሞት የሚያስፈራራ ገዥ ሥልጣኑ ብቻውን እንዳልበቃው መስክሯል፤ ሁለቱ የጦር አለቆች ለአንድ ጌታ አድረው ሳለ እርስ በርስ ሲናከሱ ምክንያቱን ያያሉ። ዳኛው ቱኖን በፍርድ ወንበሩ ሥልጣን ነው። ከሁለቱ የጦር አለቆች አንዱ፣ ግሬቨን አሽ፣ በራሱ ወታደሮች ዘንድ ተሰሚነት ነው፤ ቁስላቸውን በራሱ ላይ የሚሸከም አለቃ ስለሆነ። ሌላው አለቃ፣ የኔራት ድምፆች የሚባለው፣ ደግሞ የተሸነፉትን በግድ እየመለመለ ጦሩን ያበዛል፤ ብዛቱ ሲያስፈራ፣ ታማኝነቱ ከአንገት በላይ ነው።

በማንኛውም ትዕይንት ውስጥ ኃይል የት እንዳለ ለማወቅ ማዕረጉን ትተው ሁለት ነገር ያስተውሉ፤ ሳይቀጣ እምቢ ማለት የሚችለው ማነው? አለቃው ፊቱን ሲያዞርስ ምን ይደረጋል? ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከውጭ ታሳድራለች እንዲሉ፣ የትንሹ ሎሌ ድፍረት የጌታውን ጉልበት ይለካልዎታል።

ጥያቄ፦ ፕሌንስኬፕ ቶርመንት ላይ ዳኮን ለምን እንደሚከተለኝ አይናገርም። ተጠርጣሪ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ታስሮ ነው። በ1999 በወጣው በዚህ ጨዋታ፣ የእርስዎ ገጸ ባሕርይ በቀደመ ሕይወቱ ሊሞት የደረሰውን ዳኮንን ያዳነው አስቦበት ነበር፤ ዳኮንም አዳኙ እስኪሞት ሊከተለው ማለ። አዳኙ ግን የማይሞት ነው። ከባርነት ነፃ ከወጣ ሕዝብ የተወለደ ሰው በገዛ ቃሉ ባሪያ ሆነ። ስለዚህ «ለምን ትከተለኛለህ» እያሉ አይግፉት። የሕዝቡን ትምህርት የያዘውን የዘርቲሞንን ክብ ይዘው ትምህርቱን ደረጃ በደረጃ ከእርሱ ጋር ይማሩ፤ ለዚህ ከፍ ያለ ጥበብ ስለሚያስፈልግ ነጥብዎን ቀድመው እዚያ ላይ ያውሉ። የያዘው ሰይፍ የልቡን ሁኔታ ይከተላል፤ ጥርጣሬው ሲቀል ሰይፉ ይበረታል። ከእያንዳንዱ ትምህርት በኋላ የሰይፉን መግለጫ ከፍተው ያንብቡ፤ እርሱ በቃል የማይናገረው እዚያ ተጽፏል።