መጀመሪያ ደሙን አቁሙ

ይድረስ ጎንደር ላይ ጤና ሳይንስ ለምትማሩ ልጆቼ፤

አዘዞ ቤቴ ድረስ እየመጣችሁ ስለ ጦር ሜዳ ሕክምና ስትጠይቁኝ ሁሌም የምትጀምሩት ከመድኃኒት ነው። ምን ይሰጣል? ስንት ሚሊ? እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ከመድኃኒቱ በፊት ስላሉት ሦስት አራት ደቂቃዎች ነው። ዐዋቂ ሰው ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ፣ አንዲት የዘይት ጀሪካን ቢሞላ ነው። የጭኑ ትልቁ ደም ቅዳ የተበጠሰበት ሰው እናንተ ጓንት ስትፈልጉ ሊያልፍ ይችላል።

ክፍል ውስጥ አየር ቧንቧን አስቀድሙ ተብላችሁ ይሆናል። ጦር ሜዳ ላይ የሚቀድመው ከባድ ደም መፍሰስ ነው፤ አየር ቧንቧ፣ አተነፋፈስ፣ ዝውውርና ሙቀት ይከተላሉ። ምክንያት አለው። አሜሪካኖች ከ2001 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የሞቱባቸውን ወታደሮች መርምረው ነበር። ሆስፒታል ሳይደርሱ ከሞቱትና ሊተርፉ ይችሉ ከነበሩት ውስጥ ከ10 ዘጠኙ ያህሉን የወሰዳቸው ደም መፍሰስ ነው።

እጅ ወይም እግር ከሆነ ቱርኒኬት፣ ማለትም በዘንግ እየተጠመዘዘ የሚጠብቅ ማሰሪያ፣ እሰሩ። ከቁስሉ 5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፤ ጉልበትና ክርን ላይ ግን አይታሰርም። ዘንጉን ደሙ እስኪቆም ድረስ አጥብቃችሁ አዙሩ። ቁስለኛው ይጮኻል፤ «በእናትህ ፍታልኝ» ይላል። እንዳትሰሙት! ላላ ብሎ የታሰረ ከነጭራሹ ካልታሰረው ይብሳል፤ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ዘግቶ የሚመጣውን ስለማይዘጋ ቁስሉ ይበልጥ ይደማል። እግሩ ይቆረጣል ብላችሁም አትስጉ፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ታስሮ ቢቆይ እምብዛም ጉዳት የለውም። የታሰረበትን ሰዓት እዚያው ማሰሪያው ላይ ጻፉ፤ ስትጽፉም «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብላችሁ ለዩት። ባዶ 8 ከሆነ ተቀባዩ በፈረንጅ ሰዓት አስቦ ስድስት ሰዓት ሊያሳስት ይችላል። ቱርኒኬት ከሌለ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠንካራ ጨርቅና ጠማማ ያልሆነ እንጨት ይበቃል። ሲባጎና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥጋውን ስለሚቆርጥ ተዉት።

ብሽሽትና ብብት ላይ ማሰሪያ አይሠራም። እዚያ ጎዙን በጣታችሁ እስከ ታች ድረስ፣ ደሙ እስከሚመነጭበት እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት፤ ከዚያ በሁለት እጅ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት። ደም የሚያረጋ መድኃኒት ያለበት ጎዝ ከሆነ ቢያንስ 3 ደቂቃ፣ ተራ ጎዝ ከሆነ 10 ደቂቃ። ቆመ ወይ ብላችሁ በየመሃሉ ገልጣችሁ አትዩ፤ የረጋውን ታነሡታላችሁ። ደረትና ሆድ ውስጥ የሚደማው ግን በጎዝ አይሞላም፤ ያንን የሚያቆመው ቀዶ ሐኪም ብቻ ነው፤ የእናንተ ሥራ ቶሎ ማድረስ ነው። የቡና ዱቄት የሚነሰንስ ዘመድ ካለም በትሕትና ገለል አድርጉት።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ እኛ ስንማር ሁለት ትልልቅ መርፌ አስገብቶ ሕዝቡ ባጠቃላይ ግሉኮስ የሚለውን ፈሳሽ ማንቆርቆር ነበር። ዛሬ ያ ተትቷል። ሳላይን (የጨው ውኃ) ኦክስጅን አይሸከምም፣ ደሙን ያቀጥናል፣ ሰውነቱንም ያቀዘቅዛል። ደም ለፈሰሰው የሚሰጠው ደም ነው። የአሜሪካ ጦር ሙሉ (ያልተከፋፈለ) ደም መስጠትን መልሶ ይዞታል፤ ቀድሞ ከተመረመረ የኦ ዓይነት ደም ካለው ጓድ እዚያው ቀድቶ እስከ መስጠት ድረስ። የተቀዳው ደም እንዳይረጋ የሚጨመርበት ሲትሬት የቁስለኛውን ካልሲየም ስለሚይዝበት ካልሲየምም አብሮ ይሰጣል። የረጋው ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድ በ2010 እ.ኤ.አ. ከ20,000 በላይ ቁስለኞች ላይ ተፈትኖ ሞትን እንደሚቀንስ ታይቷል፤ ግን ከጉዳቱ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ከዚያ ካለፈ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደባርቅ ወዲያ ካለ ቀበሌ በቃሬዛ የሚወርደውን አስቡትና ሰዓቱን አስሉ።

ወጣት ቁስለኛ እንዳያታልላችሁ። ደም ግፊቱ ደህና መስሎ ቆይቶ ድንገት ይወርዳል። የእጅ አንጓውን ትርታ ዳስሱ፣ ስሙን ጠይቁት። ትርታው ከጠፋ ወይም ወሬው ከተምታታ ብዙ ደም አጥቷልና የግፊት ማሽን አትጠብቁ።

ሙቀትን የሚንቅ ተማሪ ብዙ አያለሁ። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም መርጋት ያቅተዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ አገር የሌሊት ብርድ ለደማ ሰው ቀላል አይደለም። እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ ከሥሩም ከላዩም ጋቢ አድርጉለት፤ መሬት ከአየር ይልቅ ሙቀት ይሰርቃል።

ቱርኒኬት የገዛችሁ ፕላስቲኩን ዛሬውኑ ቅደዱ፤ በደም የራሰ ጣት ፕላስቲክ አይቀድም። የምትለማመዱበትን ለብቻው ምልክት አድርጉበት፤ ደጋግሞ የተጠመዘዘ ማሰሪያ ቁስለኛ ላይ ሲጠብቅ ሊበጠስ ይችላል።