ወንድሜ ከነብስክሌቱ ሊመጣ ነው፤ ወዴት ልውሰደው?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ጠባሴ ነው የምኖረው። ታላቅ ወንድሜ እንግሊዝ አገር ሉድሎ በምትባል የገበያ ከተማ መኖር ከጀመረ ቆይቷል። እዚያ እሑድ እሑድ ብስክሌቱን ይዞ ጠዋት ይወጣል፣ ገጠሩን ዞሮ ማታ ቤቱ ይገባል። ዘንድሮ በታኅሣሥ ብስክሌቱን ጭኖ ሊመጣ ነው። «ደብረ ብርሃንን መነሻ አድርገን በየቀኑ በአንዱ አቅጣጫ ወጥተን እንመለስ፣ በቀን 80 ኪሎሜትር ለእኔ ምንም አይደለም» ይለኛል። እኔ ሳይክል የምነዳው ከቤት ሥራ ቦታ ድረስ ብቻ ነው። በየት በየት ልውሰደው?

መልስ፦ እንኳን ደህና ይምጣ። ሐሳቡን ወድጄለታለሁ። አንድ ነገር ግን ተገልብጦበታል። ሉድሎ ያለችው ቴም የሚባል ወንዝ ዳር፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ጠዋት ጉልበት ሳለ ዳገቱን ይወጡታል፣ ማታ ሲደክማቸው ቁልቁል እየተንሸራተቱ ቤት ይገባሉ። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ምሥራቅ ስትወጣ መጀመሪያ ሜዳው ያታልልሃል፣ ከዚያ መሬቱ በድንገት ያልቅና ገደሉ ይመጣል። ቁልቁለቱን ጠዋት በሳቅ ትወርደዋለህ፣ ዳገቱ ለማታ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ወንድምህን «ስንት ኪሎሜትር ትችላለህ?» ሳይሆን «በምን እንመለሳለን?» ብለህ ጠይቀው።

ከፍታውን ራሱ እንዳትንቁት። የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ ስካፌል ፓይክ 978 ሜትር ነው። ሁለት እንዲህ ያለ ተራራ ቢደራረብ እንኳ የአንተ ደጃፍ ጋ አይደርስም። እዚህ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚያገኘው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ወንድምህ እዚሁ ያደገ ቢሆንም ሳንባው ረስቶታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቀናት ከተማው ውስጥ ቀስ ብሎ ይንዳ፣ ውኃ ይጠጣ፣ አረቄዋን ለኋላ ያቆያት።

ማሟሟቂያ ከፈለጋችሁ ወደ ጫጫ ውረዱ። 20 ኪሎሜትር ያህል ነው፣ የሚረባ ዳገት የለውም። እዚያው አካባቢ አንጎለላ አለላችሁ፤ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት። ችግሩ መንገዱ የአዲስ አበባና የደሴ ዋና መንገድ ስለሆነ ከባድ መኪና አይጠፋውም። ወንድምህ በግራ መንዳት የለመደ ሰው ነው፤ አደባባይ ላይና ከቆመበት ሲነሳ ፊት ፊት ሂድለት። ብስክሌት ከዚህ ከተዋሰ ደግሞ ፍሬኑን ቀድሞ ይሞክር። በእንግሊዝ የፊት ጎማ ፍሬን በቀኝ እጅ ነው፣ እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ታገኘዋለህ። ቁልቁለት ላይ ያልጠበቀውን ፍሬን ጨምድዶ ከያዘ በመሪው ላይ ዘሎ ነው የሚሄደው።

ሜዳ ለሚወድ ሰው ወደ ምዕራብ በደነባ አድርጎ ወደ ጅሩ የሚወስደው መንገድ አለ። በታኅሣሥ አዝመራው ይሰበሰባል፣ አውድማው ይሞላል፣ የጅሩ ሰንጋም በዓይን ይታያል። ክረምት ቢሆን አልመክርህም ነበር። ያ ጥቁር አፈር ከራሰ ጎማና ፍሬን መሃል ይጠቀጠቅና ብስክሌቱን አንተ ትሸከመዋለህ።

አሁን ወደ አንኮበር እንምጣ፤ ወንድምህ በልቡ ያሰበው እሱን እንደሆነ እገምታለሁ። ደርሶ መልስ 80 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ልክ እሱ እንዳለው። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ደጋ ይወጣል፤ ገብስና ባቄላ፣ የድንጋይ ካብ፣ በጎች፣ እና ጠዋት ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ የጭላዳ መንጋ (ምግብ አትስጧቸው፣ መንገድ ዳር መዋል ይለምዳሉ)። ከዚያ ወደ ጎረቤላ፣ ማለት ወደ ዛሬዋ የአንኮበር ከተማ፣ ቁልቁል ነው። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረው ኮረብታ እዚያው ነው፤ ከላዩ ሆነህ ወደ አፋር በኩል ስታይ ዓይንህ የሚያርፍበት ታጣለህ።

እኔ በወጣትነቴ እዚያ ደርሼ ማቆም ሲገባኝ አላቆምኩም። ቁልቁለቱ ጣመኝ፣ ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ፣ ሙቀቱ ደስ አለኝ፣ ሻይ ጠጣሁ። ቀና ስል የመጣሁበት መንገድ ከጭንቅላቴ በላይ ተንጠልጥሏል። ሲመሽ ብስክሌቴን እየገፋሁ አንድ አይሱዙ ደረሰልኝና ከበጎች ጋር ተጭኜ ወጣሁ። ሹፌሩ ሒሳብ አልተቀበለኝም፤ እስከ አንኮበር ድረስ ሲስቅብኝ ነው የወጣው።

እናንተ አንኮበር እደሩ። ካልሆነም በሚኒባስ ተመለሱ፤ ብስክሌቱ ፖርቶመጋላ ላይ ይጫናል። ዋጋውን ግን ከመጫናችሁ በፊት ተነጋገሩ። በሰኔ ሉድሎ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ ወንድምህ ቀኑ ረጅም ይመስለዋል። እኛ ጋ 12 ሰዓት ላይ አለቀ። ጠዋት ደግሞ ውርጭ ስላለ ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት እጅ መሪ አይጨብጥም። በዚያ መሃል ያለችው ሰዓት አጭር ናት፣ 7 ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ ፊታችሁን አዙሩ።

ሉድሎን የሚያቋርጥ 44 ቁጥር የሚባል የብስክሌት መንገድ አለ፣ በየመገንጠያው ምልክት ተተክሎለታል። እኛ ጋ ምልክቱ ሰው ነው። «እዚህ ጋ ናት» ካለህ አንድ ሰዓት፣ «ከዚያ ማዶ ናት» ካለህ ግማሽ ቀን ብለህ ያዝ። የእረኛ ውሻ ከመጣባችሁ አትሩጡ፤ ወርዳችሁ ብስክሌቱን በመሃል አድርጉና ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ በሉ፣ አብዛኛው እዚያው ይመለሳል። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ ገጠር ውስጥ እንቁላልና ወተት አትጠብቁ፣ በሶና ቆሎ ያዙ።

ከሁሉ በፊት ግን ማታውኑ መናኸሪያ ሂድና በዚያ መስመር የሚሠሩትን ሹፌሮች መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቅ። ፊታቸው ካላማረህ ጉዞው ለሌላ ቀን ይደር።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና የማስተምር መምህርት ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ብስክሌቶቹን በመኪና ጣርማ በር አድርሰን እስከ ሸዋ ሮቢት በቁልቁለቱ ልንወርድ አስበናል። ሰው ሁሉ «ፍሬን ይቃጠላል» እያለ ያስፈራራናል። እውነት ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ እውነታቸውን ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም። ፍሬኑ ሳይለቀቅ ከተያዘ ቸርኬው ይግላል፣ በሙቀቱ ካላማዳሪያው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ አትጎትቱት። ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ። በየጥቂት ኪሎሜትሩ ቁሙና ቸርኬውን በጣታችሁ ነካ አድርጉ፤ ካቃጠለ እስኪበርድ ጠብቁ። ደብረ ሲና ላይ እንደሆነ ለመቆም ሰበብ አይጠፋም፣ ቆሎ አለ። ፍሬን ላስቲኩን ከመነሳታችሁ በፊት አሳዩት፣ ካላማዳሪያና መንፊያም ያዙ፤ ጎሚስታ የምታገኙት ከተማ ስትደርሱ ነው።

የጣርማ በሩ ዋሻ ውስጥ ግን በብስክሌት አትግቡ፤ መነሻችሁን ከዋሻው በታች አድርጉት። ጣልያን የሠራው ነው፣ ከግማሽ ኪሎሜትር በላይ ይረዝማል፣ ውስጡ ጨለማ ነው። ከፀሐይ ወደ ጨለማ የገባ ሹፌር ብስክሌት አያይም። ጉም ከያዘውም ተራራው እስኪገለጥ አትነሱ። ደግሞ ወፍራም ሹራብ ልበሱ፣ ከውስጥ ስስ ነገር ይኑር፤ ከደብረ ሲና በታች ያለችው አርማንያ ስትደርሱ ሹራቡ ወገብ ላይ ይታሰራል።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ነው የምኖረው፣ ሽማግሌ ነኝ። የልጅ ልጄና ጓደኞቹ የመንዝ ጥብቅ የሣር ምድር በሆነው ጓሳ ውስጥ በብስክሌት እንሂድ ይላሉ። ይፈቀዳል?

መልስ፦ አባታችን፣ ጓሳን የጠበቁት እናንተ ናችሁ፣ ሣሩን ማኅበረሰቡ ራሱ ከሚጠብቅበት ከጥንቱ የቄሮ ሥርዓት ጀምሮ፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ለልጆቹ እንዲህ ይበሏቸው፦ መኪና ከሚሄድበት መንገድ አይውጡ፣ ሣሩ ላይ ጎማ አያሳርፉ። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥ ነው፣ አይጧ የምትኖረው እዚያ ሣር ሥር ባለው ጉድጓድ ነው። ከመንገዱ ርቀው ማየት ካሰኛቸው ብስክሌቱን ጥበቃዎቹ ጋ አስቀምጠው በእግራቸው ይሂዱ።