ዲግሪዬን ማን ያውቀዋል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዓምድ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጆች ዕውቅና ሁለት አንቀጽ ብጽፍ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ደብዳቤ ሲጎርፍልኝ ሰነበተ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ ጥቂቶቹን ልመልስ። ስማችን ይቅር ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ የማንንም ስም አላነሣሁም።

ጥያቄ፦ በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ አራት ዓመት ማታ ማታ ተምሬ በዲግሪ ተመርቄያለሁ። ኮሌጁ ዕውቅና እንደሌለው ያወቅሁት አዲስ አበባ ለማስትሬት ሳመለክት ነው። አራት ዓመቴ ገደል ገባ ማለት ነው? (ወንጌላዊ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አልገባም። ነገር ግን ከመንገዱ ከፊሉን ተመልሰው መሄድ ሳይኖርብዎ አይቀርም።

ይህን ጽዋ እኔም ጠጥቼዋለሁ። ዲግሪዬን እናቴ በመስታወት አስገብታ ከሳሎኑ ሰዓት ሥር ሰቅላው ነበር። ሰሚናሪ፣ ማለት የነገረ መለኮት ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ ልመዘገብ ስል ዋናውን አምጣ ተባልሁና ከመስታወቱ ሳወጣው አንዱ ጥግ ተጣብቆ ተቀደደ። በዚያ በደብረ ብርሃን ውርጭ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ሬጅስትራሯ ፊት ቀረብሁ። ሴትዮዋ ወርቃማውን ማኅተም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት፤ ከዚያም ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖሩትና «የ12ኛ ክፍል ውጤትህስ?» አሉኝ። ዲግሪ እያለኝ እሱ ምን ያደርጋል ብዬ ተከራከርሁ። «ልጄ፣ ይህ ወረቀት ስለ አንተ ይመሰክራል። ስለ ወረቀቱ የሚመሰክርልህ ማን ነው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ያወጣኝ በፌስታል የያዝኋቸው አራት የግሪክኛ ደብተሮች ናቸው። የግሥ እርባታው በማስመሪያ ተሠምሮ፣ የመምህሬ የቀይ እስክሪብቶ እርማት ከገጽ ገጽ ይታያል። የቋንቋው መምህር ተጠርተው መጡና የዮሐንስን ወንጌል መጀመሪያ እዚያው ቆሜ አነበብሁላቸው። በኋላ በተሰጠኝ ፈተና አልፌ የመጀመሪያውን የግሪክኛ ኮርስ ዘለልሁ። ሌላውን ሁሉ ግን ከሥር ጀመርሁ፤ አንድ ዓመት ያህል ተናድጄ ነበር።

ስለዚህ ወንጌላዊ፣ ከመናደድዎ በፊት ወደ ቀድሞ ኮሌጅዎ ይሂዱ። በታሸገ ፖስታ የውጤት መግለጫ ያስጽፉ። የየኮርሱን ዝርዝር ይዘት፣ ስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ ያስተማረው መምህር የትምህርት ደረጃ ምን እንደሆነና በየትኛው መጽሐፍ እንደተማራችሁ ይጠይቁ። ራስዎ የጻፏቸውን የጥናት ጽሑፎች አይጣሉ። ክሬዲት፣ ማለት ቀድሞ ያለፉትን ኮርስ፣ የመቀበል ወይም ያለመቀበል ሥልጣን ያለው ተቀባዩ ትምህርት ቤት ነው፤ የቀድሞው ኮሌጅ «ይያዝልሃል» ቢልዎ ቃሉ ዋጋ የለውም። ተቀባዩን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ በመግቢያ ፈተና የሚታለፍ ኮርስ አለ ወይ? ማሟያ ኮርስ ወስጄ በሙከራ መግባት እችላለሁ ወይ? ስንት ክሬዲት ይያዝልኛል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ዕውቅና ሁለት ዓይነት መሆኑንም ልብ ይበሉ። አንደኛው የመንግሥት ነው፤ ቀደም ሲል የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው፣ ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው። ሁለተኛው የሙያ ማኅበራት ምዘና ነው፤ በእኛ አህጉር እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተውና አክቲያ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የነገረ መለኮት ትምህርት ማኅበር የሚሰጠው ዓይነት። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሌላ ሰሚናሪ ለመግባት ወይም ውጭ ለመማር የማኅበሩ ምዘና ብዙ ሊረዳ ይችላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር ከሆነ ግን የሚጠየቁት የመጀመሪያውን ነው።

ማስትሬቱን በልዩ ሁኔታ የሚቀበልዎ ቢገኝስ? በሰሜን አሜሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ማኅበር ሥር ያሉ ሰሚናሪዎች የታወቀ የመጀመሪያ ዲግሪ የሌላቸውን ተማሪዎች በተወሰነ ቁጥር እንዲቀበሉ ደንባቸው ይፈቅዳል። በሩ እንግዲህ አለ፤ ጠባብ ነው እንጂ። የእኔን ምክር ከጠየቁኝ ግን የመጀመሪያ ዲግሪውን በታወቀ ቦታ እንደገና ይያዙ። የተማሩትን ስለሚያውቁት ከሌላው ተማሪ በግማሽ ድካም ይወጡታል፤ ነገ ማስትሬትዎን የሚያይ ቀጣሪም ከሥሩ ያለውን ሲፈልግ አያፍሩም።

ጥያቄ፦ የኮሌጃችን ዋና ግቢ አዲስ አበባ ነው፤ ዕውቅናም አለው። እኔ የምማረው እዚህ ባለው ቅርንጫፍ ነው። ለእኛም ይሠራል? (ተማሪ፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እህቴ፣ ላይሠራ ይችላል። የባለሥልጣኑ ዕውቅና ለተቋሙ ስም በጅምላ አይሰጥም። የሚሰጠው ለተወሰነ ግቢ፣ ለተወሰነ የትምህርት መስክና ለተወሰነ ደረጃ ነው፤ መደበኛና የርቀት ትምህርትም ለየብቻ ይታያሉ። ዋናው ግቢ በቴዎሎጂ ዲግሪ ቢፈቀድለት የደብረ ሲናው ቅርንጫፍ አብሮ ተፈቀደለት ማለት አይደለም። የዕውቅናውን ደብዳቤ አሳዩኝ በዪና የግቢውን አድራሻ፣ የትምህርቱን ስም፣ ደረጃውንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቢ። ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ ባለሥልጣኑን ራሱን ጠይቂ። ደብዳቤው «ፋይል ውስጥ ነው፣ ኃላፊው ሲመጣ» ከተባልሽ መልሱን አግኝተሻል።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ያገኘሁት የአሜሪካ ሰሚናሪ ክሬዲቴን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ በስድስት ወር ማስትሬት፣ ከዚያም ቪዛ እንደሚሰጠኝ ጽፎልኛል። «ዓለም አቀፍ ዕውቅና አለን» ይላል። ብሩን ልላክ? (ከፍቼ)

መልስ፦ አይላኩ።

ምክንያቱን ልንገርዎ። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥቱ ራሱ ለኮሌጆች ዕውቅና አይሰጥም፤ ዕውቅና ሰጪዎቹን መርምሮ ይቀበላል። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ማኅበርና የመጽሐፍ ቅዱስ ከፍተኛ ትምህርት ማኅበር በዚያ ዝርዝር ውስጥ አሉ፤ ዝርዝሩ በአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ስለሚገኝ ኢንተርኔት ቤት ገብተው ማየት ይችላሉ። «ዓለም አቀፍ» የሚለውን ቃል ግን ማንም ሰው ማኅተም ላይ ሊያስቀርጸው ይችላል። ትምህርት ቤቱን የከፈተው ሰው ዕውቅና ሰጪውንም ራሱ ያቋቋመበት ጊዜ አለ፤ እንደ ሠርግ ቤት ራሱ ደግሶ ራሱ ይመርቃል።

ቪዛውን የሚሰጠው ደግሞ ኤምባሲው ነው። ትምህርት ቤቱ የሚልከው «አይ 20» የሚባለውን ቅጽ ነው፤ ያንንም መላክ የሚችለው የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪ እንዲቀበል የፈቀደለት ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ለሚሰጥ ትምህርት የተማሪ ቪዛ የለም። እንግዲህ ቤትዎ ተቀምጠው የሚማሩትን ትምህርት ቪዛ ያስገኛል የሚልዎ ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ አበጥሮ ያውቃል።

ጥያቄ፦ በቅኔ ትምህርት ከመጀመሪያው ከጉባኤ ቃና ተነሥቼ መወድስ ደርሻለሁ። መምህሬም ፈቅደውልኛል። አሁን መንፈሳዊ ኮሌጅ ገብቼ ቴዎሎጂ መማር እፈልጋለሁ። ቅኔዬ እንደ ትምህርት ይቆጠርልኛል? (ዲያቆን፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ዲያቆን፣ የአንተ ጉዳይ ከሌሎቹ ይለያል። የአብነት ትምህርት ቤት ዕውቅና የለውም ብሎ የሚናገር ሰው አላዋቂ ነው፤ ዕውቅናው ከባለሥልጣን ሳይሆን ከጉባኤው፣ ከመምህርህና ከመምህርህ መምህር የወረደ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱም በራሷ ኮሌጆች ታከብረዋለች። አንድ ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል የነበረው፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ እንደገና የተከፈተው ቅድስት ሥላሴ ሲቀበል የአብነት ዕውቀትህንም የሀገረ ስብከትህን ደብዳቤም ይፈልጋል። ግን በቅኔ ክሬዲት አይያዝም፤ የ12ኛ ክፍል ውጤትህም መታየቱ አይቀርም። ቀለሙ ላይ ጎብዘህ አስኳላውን ትተኸው ከሆነ፣ ማታ ተምረህ ፈተናውን ውሰድ። መወድስ የዘረፈ ሰው ሒሳብ አያቅተውም።

ጥያቄ፦ መጋቢያችን በዚህ ዓመት «ዶክተር» መባል ጀምረዋል። ሲማሩ ግን አላየናቸውም። (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ የክብር ይሆናል። በትሕትና ይጠይቋቸው፤ እኔ አልገባበትም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 47 ነው። ልጆቼ ኮሌጅ ገብተዋል። እንደገና «ፍሬሽ» ብባል አይሳቅብኝም? (ከአጣዬ)

መልስ፦ ይሳቅብዎታል፤ አንድ ሳምንት። ከዚያ በኋላ ወጣቶቹ ማስታወሻዎን ሊገለብጡ ይመጣሉ። የሚያስቸግርዎ ዕድሜ አይደለም፤ ኮምፒውተር ላይ የግርጌ ማስታወሻ ማስገባት ነው። እሱን ከወዲሁ ልጆችዎ ያሳዩዎ።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጁን ትቼ ሰሚናሪ ተቀብሎኛል። አዳሪ ነኝ። ምን ይዤ ልሂድ? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ። ዋናውን ማስረጃህን ሁሉና ሦስት ሦስት ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የቤተ ክርስቲያንህን የድጋፍ ደብዳቤ ያዝ። የቆላ ልጅ ስለሆንህ ጣርማ በርን ስትሻገር ብርዱ ይቀበልሃል፤ ደብረ ብርሃን ወርደህ አንድ ብርድ ልብስ ገዝተህ እለፍ። ስትመረቅ እናትህ ዲግሪህን በመስታወት ላስገባው ካሉ ደግሞ ፎቶ ኮፒውን ስጣቸው።