ዲኖ ዴ ላውረንቲስ፦ የኦስካርም የኪሳራም ሰው (ጥያቄና መልስ)

ስለ ጣሊያናዊው ፕሮዲውሰር ዲኖ ዴ ላውረንቲስ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውየው ማነው? ስሙን ፊልም መጀመሪያ ላይ አያለሁ እንጂ አላውቀውም።

መልስ፦ በ1919 ኔፕልስ አቅራቢያ ቶሬ አኑንዚያታ ተወለደ። ቤተሰቡ ፓስታ አምራች ነበር፤ እሱም በልጅነቱ የአባቱን ስፓጌቲ ይሸጥ ነበር። ኋላ ሮም ሄዶ ፊልም ተማረ። በ1949 «መራራ ሩዝ» የተባለው ፊልም ስሙን አስጠራለት። የፊልሙን መሪ ተዋናይት ሲልቫና ማንጋኖንም ያኔውኑ አገባት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ2010 ሲሞት 91 ዓመቱ ነበር። ከ150 በላይ ፊልሞች ላይ እጁ አለበት።

ጥያቄ፦ ዳይሬክተሩን ፌሊኒን ትልቅ ያደረገው እሱ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ትንሽ ይበዛል። ግን የፌሊኒን «ላ ስትራዳ» ከሌላው ፕሮዲውሰር ከካርሎ ፖንቲ ጋር፣ «የካቢሪያ ሌሊቶች»ን ደግሞ ለብቻው ፕሮዲውስ አድርጓል። ለውጭ ቋንቋ ፊልም ኦስካር በውድድር መሰጠት ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሸነፉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍቅር ብቻ ግን አልነበረም። «የካቢሪያ ሌሊቶች» ውስጥ በጆንያ ምግብ ይዞ ለድሆች የሚያድል ሰው የሚታይበት ክፍል ነበር። ዲኖ ፊልሙን ያንቀረፍፋል ብሎ አስወጣው፤ ክፍሉ የተመለሰው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ካየሁት በኋላ እኔ ለፌሊኒ ነው የምፈርደው። በ1960ዎቹ ደግሞ ፌሊኒ ማስቶርና ስለሚባል ሰው ፊልም ሊሠራ ተነሣና የቀረጻ መድረኩ ሁሉ ከተገነባ በኋላ ተወው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ያ ፊልም እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ጥያቄ፦ ከጣሊያን ለምን ወጣ?

መልስ፦ ከሮም ወጣ ብሎ በስሙ «ዲኖቺታ» የሚባል ግዙፍ ስቱዲዮ ሠርቶ ነበር። የጣሊያን መንግሥት የድጎማ ሕጉን ሲያጠብቅና ከውጭ ሰዎች ጋር የሚሠሩ ትልልቅ ፊልሞች ድጋፍ ማግኘት ሲከብዳቸው ስቱዲዮው ሸክም ሆነበት። በዚያ ላይ በ1970 የወጣው፣ ስለ ናፖሊዮን ሽንፈት የሚተርከው «ዋተርሉ» አለ። ለጦርነቱ ትዕይንት የሶቪየት ጦር ወታደሮች በሺዎች ተሰልፈውለታል። ለዓይን ድንቅ ነው፣ ገንዘቡን ግን አልመለሰም። በ1970ዎቹ ጠቅልሎ አሜሪካ ገባ።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል እየከሰረ ገንዘቡ ከየት ይመጣለት ነበር? ይሄ ነው የማይገባኝ።

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው! ዲኖ ፊልሙን ሳይቀርጽ ይሸጠው ነበር። የታዋቂ ተዋናይ ስም፣ አንድ ፖስተርና ጥሩ ርዕስ ይዞ ለጃፓኑ አከፋፋይ ለብቻ፣ ለጀርመኑ ለብቻ፣ ለፈረንሳዩ ለብቻ የማሳያ መብት ይሸጣል። አከፋፋዮቹ ይፈርማሉ። እሱ ውሉን ይዞ ባንክ ሄዶ ይበደራል። ቀረጻው ሲጀመር ብዙው ወጪ ተሸፍኗል። ፊልሙ ካልተሳካ ጉዳቱ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፤ እሱም የሚቀጥለውን ይጀምራል። ዛሬ በየፊልም ገበያው የተለመደ አሠራር ነው፤ ካስለመዱት ሰዎች አንዱ ግን እሱ ነው።

ታዲያ መቼ ወደቀ? ይህን ዘዴ ሲተው። በ1980ዎቹ ኖርዝ ካሮላይና፣ ዊልሚንግተን ላይ ስቱዲዮ ከፈተ። የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ አክሲዮን ሸጠ፤ አሜሪካ ውስጥም ፊልሞቹን ራሱ ማከፋፈል ጀመረ። ማከፋፈል ማለት የማስታወቂያውንና ለሲኒማ ቤቶች የሚላከውን የፊልም ኮፒ ወጪ ራስህ መቻል ነው። ሌሎች ይሸከሙት የነበረውን ጉዳት አሁን ብቻውን ተሸከመው። ፊልሞቹ በተከታታይ ወደቁ፣ ኩባንያው በ1988 ከሰረ።

ጥያቄ፦ የ1976ቱ «ኪንግ ኮንግ» ኪሳራ ነበር አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ተቺዎች ስለቀለዱበት ሰው እንደዚያ ይመስለዋል እንጂ ጥሩ ገቢ አስገብቷል። የሚያስቀው የሮቦቱ ጉዳይ ነው። 12 ሜትር የሚረዝም ሜካኒካል ዝንጀሮ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ተሠራ። ማስታወቂያው ሁሉ ስለሱ ሆነ። ፊልሙ ላይ ግን የሚታየው ለጥቂት ሰከንዶች ነው! የተቀረውን የሠራው የዝንጀሮ ልብስ የለበሰው የሜካፕ ባለሙያ ሪክ ቤከር ነው።

ጥያቄ፦ «ዱን»ን ያበላሸው እሱ ነው፤ ለምን ይወደሳል?

መልስ፦ ተረጋጋ ወንድሜ። በ1984ቱ «ዱን» ላይ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊንች የመጨረሻውን ቅንብር የመወሰን መብት አልነበረውም። ፊልሙ በግድ ስላጠረ ታሪኩ ለመከተል ያስቸግራል። በዚህ ዲኖ ተጠያቂ ነው፣ አልክድም። በጀቱ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ያስገባው ከዚያ ያነሰ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን እይ። ሌላ ሰው ቢሆን ሊንችን ዳግመኛ በሩን አያስረግጠውም ነበር። ዲኖ ግን «ብሉ ቬልቬት»ን እንዲሠራ ፈቀደለት። በጀትህንና ክፍያህን ቀንስ፣ ቅንብሩ ያንተ ነው አለው። በ6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራው ይህ ፊልም ሊንችን ለኦስካር አሳጨው። ሰው መምረጥ ላይ ዓይኑ ንጹሕ ነበር ባይ ነኝ። ስክሪፕት መምረጥ ላይ እንኳ እንጃ።

ጥያቄ፦ ትልቁ ስህተቱስ?

መልስ፦ ሃኒባል ሌክተር፣ ያ ሰው በላው የልብ ወለድ ገዳይ። ገጸ ባሕሪው መጀመሪያ የታየበትን «ማንሀንተር»ን በ1986 ያወጣው እሱ ነው፤ አላዋጣውም። ስለዚህ ሌሎች «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ»ን ሊሠሩ ሲነሡ የገጸ ባሕሪውን ስም በነጻ ሰጣቸው። ፊልሙ አምስት ዋና ዋና ኦስካሮችን ጠራረገ! ዲኖ ግን በቁጭት የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ስለ ሌክተር የተጻፈውን ቀጣይ ልብ ወለድ የፊልም መብት በ10 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በ2001 «ሃኒባል»ን አወጣ። ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባለት። የዕድሜ ልክ ሥራው የተመሰገነበትን የኦስካር አካዳሚ የታልበርግ ሽልማት የተቀበለውም በዚያው ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ «ሰርፒኮ»። አል ፓቺኖ ያለበት የ1973 ፊልም ነው። ከዚያ «ላ ስትራዳ»። ኮሜዲ የመሰለ እብደት ካማረህ ደግሞ የ1980ውን «ፍላሽ ጎርደን» ከጓደኛ ጋር እየው፤ ለብቻ አይታይም።