ሁለቱ ጌጆች አብረው ሲዋሹ፦ ስለ አሮጌው ሃይኤስ ለቀረበው ጥያቄ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ባለ 3ኤል (የቶዮታ ናፍጣ) ሞተር አሮጌ ሃይኤስ አለህ፤ ማታ የፊት መብራት ስታበራ የነዳጁም የሙቀቱም መርፌ ወደ ላይ ይወጣል፤ የባትሪዋ ቀይ መብራትም ደብዘዝ ብላ ትታያለች። ያሳየኸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደግሞ «ዳሽቦርዱ በሙሉ ይቀየር» ብሎሃል። አታስቀይር። ቢያንስ ከዚህ በታች የምጽፍልህን ሳትፈትሽ ገንዘብህን አታውጣ።

አንድ ጌጅ (የዳሽቦርድ መለኪያ) ብቻውን ሲዋሽ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ወይ ሴንሰሩ፣ ወይ ሽቦው፣ ወይ መርፌው። ሁለት ጌጆች ተስማምተው ሲዋሹ ግን ጥፋቱን የሚጋሩት ነገር ላይ ፈልግ። በእነዚህ መኪኖች የነዳጅና የሙቀት ጌጆች ፊውዝ፣ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያና ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን መስመር) ይጋራሉ። ፊውዙ ቢቃጠል ሁለቱም መርፌዎች ተኝተው ይቀራሉ እንጂ አይወጡም። መቆጣጠሪያው፣ ማለትም በአሮጌዎቹ ላይ የባትሪውን ኃይል ወደ 7 ቮልት ገደማ የሚያወርደው ትንሽ ዕቃ፣ ቢበላሽ ደግሞ ቀንም ሌሊትም ከፍ ብለው ይቀመጡ ነበር። ያንተዎቹ መብራት ሲበራ ብቻ ነው የሚነሡት። ስለዚህ እኔ የምጠረጥረው ማሳውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሆናል። የዳሽቦርዱ አምፖሎች ሲበሩ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በማሳው ሽቦ በኩል ነው። ሽቦው የታሰረበት ብሎን ዝጎ ከሆነ መመለሻው ይጠብበዋል፤ ያን ጊዜ የዳሽቦርዱ ማሳ ከመኪናው አካል ማሳ ከፍ ይላል። የሙቀቱና የነዳጁ ሴንሰሮች ግን ማሳቸው ሞተሩና አካሉ ላይ ስለሆነ መርፌዎቹ ከሚገባው በላይ ኃይል ያገኛሉ። ጌጁ አልተበላሸም፤ የተሰጠውን ነው የሚያሳየው።

ፍተሻው ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ብቻ ይፈልጋል። ሞተሩ እየሠራ የፊት መብራቱን አብራ። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ዳሽቦርዱ ኋላ ካለው የማሳ ሽቦ ላይ አድርግ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበብክ ሌባውን ይዘኸዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከዚያው ሽቦ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ድረስ ለጊዜው ሌላ ሽቦ ዘርጋ። መርፌዎቹ ወደ ቦታቸው ከተመለሱ ብሎኑን ፈትተህ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳውና መልሰህ አጥብቀው። ከባትሪው ወደ አካሉና ከሞተሩ ወደ አካሉ የሚሄዱትን ወፍራም የማሳ ገመዶች ሳታይ ግን አትነሣ። ታክሲ ሆኖ የሠራ መኪና ከሆነ ደግሞ ከወንበር ሥር ያለውን የቴፕና የተጨማሪ መብራት ሽቦ ሁሉ እየው። የማን ሽቦ ከየት እንደተቀጠለ ባለቤቱም የማያውቅበት መኪና ሞልቷል። በፊውዝ ፋንታ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ካገኘህም አትደነቅ፤ አውጥተህ ጣለው፤ በሳጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈውን አምፔር ፊውዝ አስገባ።

አሁን ወደ ባትሪዋ መብራት። ይህች አምፖል በሁለት ወገን ኃይል ይመጣባታል፤ አንዱ ከቁልፉ በፊውዝ በኩል፣ ሌላው ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ትጠፋለች። ዲናሞው ሳይሞላ ሲቀር በደንብ ትበራለች። ደብዘዝ ካለች ግን በሁለቱ ወገን መካከል ትንሽ ልዩነት አለ ማለት ነው። ዲናሞው ውስጥ ያለ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የቁልፉ መስመር ላይ የዛገ ፊውዝ ወይም የተቃጠለ የቁልፍ ሶኬት ኃይሉን እየበላው ይሆናል። ስለዚህ ዲናሞ ከመግዛትህ በፊት መብራቱ እንደበራ ባትሪው ላይ ለካ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካነበብክ ዲናሞው እየሞላ ነው፤ መጀመሪያ ፊውዙንና የቁልፉን መስመር ተመልከት።

ይህችን መብራት ግን እንደ ቀላል ነገር አትያት። በ2ኤል፣ በ3ኤልና በ5ኤል ሞተሮች ላይ ፍሬኑን የሚያቀልለው የቫኪውም ፓምፕ የተገጠመው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው። የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረውም ያው የዲናሞው ቺንጋ ነው። እየነዳህ መብራቷ ድንገት ቦግ ካለች ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ባትሪው መሙላቱን ብቻ ሳይሆን ሞተሩን ማቀዝቀዙንም ታጣለህ፤ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆንብሃል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና እየወረድክ ይህ ቢመጣ ምን እንደሚሆን አስበው። ማርሽ ቀንስና ጥግ ያዝ፤ «ባትሪው እስከ ከተማ ያደርሰኛል» ብለህ አትቀጥል።

ስለ ሙቀት ጌጁም አንድ ነገር ልጨምር። ማሳውን ካስተካከልክ በኋላ ሴንሰሩን መሞከር ከፈለግህ ቁልፉን ከፍተህ ሽቦውን ንቀለው፤ መርፌው ወደ ቀዝቃዛ መውረድ አለበት። ሽቦውን በትንሽ አምፖል በኩል ከማሳ ጋር ስታገናኘው ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። በቀጥታ አታገናኘው፤ ጌጁን ልታቃጥለው ትችላለህ። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፤ ውሃው ከሞተሩ ካለቀ ሴንሰሩ በእንፋሎት ውስጥ ስለሚቀር መርፌው ሊወርድ ይችላል። ዳገት ላይ ሲወጣ የነበረ መርፌ በድንገት ከወረደ «በረደልኝ» አትበል፤ አቁም። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነው። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ቀይረው፤ ከቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጥገና ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን አትክፈተው።

ስለ ሌሎቹ መብራቶች ባጭሩ። የእጅ ፍሬኑን ስበህ፣ ቁልፉን ከፍተህ ሞተሩን ሳታስነሣ የዘይት፣ የባትሪና የእጅ ፍሬን መብራቶች መብራት አለባቸው፤ አንዱ ካልበራ ደስ አይበልህ፤ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም የሸጠልህ ሰው ነቅሎታል። የታይሚንግ ቺንጋው (በሞተሩ ውስጥ የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው ቺንጋ) መብራት ቺንጋውን አያየውም፤ በብዙዎቹ ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚበራ ቆጣሪ ነው። ዳሽቦርዱ አንድ ጊዜ ከተቀየረ ወይም ኪሎ ሜትሩ ከተነካካ መብራቱ ትርጉም የለውም። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለህ ቀይረው። ሠራተኛው ያለህን ብትሰማው ኖሮ ይህንንም ቆጠራ ታጣው ነበር።

መጀመሪያ ማሳውን ለካና መብራት በርቶ ባትሪው ላይ ያነበብከውን ቁጥር እዚህ ጻፍልን። ከ13.5 በታች ከሆነ ቀጥለን ስለ ዲናሞው ካርቦን (በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው፣ እየተበላ የሚያልቀው ቁራጭ) እና ከቫኪውም ፓምፑ ወደ ዲናሞው ስለሚገባው ዘይት እናወራለን።